ስክሪኑ ስለበራ ብቻ ሥራው አላለቀም

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ርዕሱ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል፦ በኢምቤድድ ሲስተም ውስጥ ፕሮሰሰሩና ስክሪኑ በየትኛው ሽቦ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደተገናኙ በጽሑፍ መግለጽ። ግን ዙሪያችሁን ተመልከቱ። የባንኩ ወረፋ ማሳያ፣ የካርድ ክፍያ ማሽኑ፣ የመኪናው ስክሪን፣ የፋብሪካው መቆጣጠሪያ፣ የሆስፒታሉ አልትራሳውንድ፤ ሁሉም ፓነል አላቸው። ከእያንዳንዱ ፓነል ጀርባም ለሶፍትዌሩ «ከዚህ ስክሪን ጋር የተገናኘኸው እንዲህ ነው» ብሎ የሚነግር መግለጫ አለ።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ይህ መግለጫ የሚጻፈው ስክሪኑ እንዲበራ ብቻ ሳይሆን እውነቱን እንዲናገር ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስክሪኑን የሚያበራ ግን ውሸት የሆነ መግለጫ መጻፍ ይቻላል፤ በተግባርም ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ጸሐፊው አይደለም። ከዓመታት በኋላ ዕቃውን የሚጠግነው፣ ሶፍትዌሩን የሚያድሰው፣ ወይም በስክሪኑ ላይ ያየውን አምኖ የሚወስነው ሰው ነው።

ፓነሉ ስለ ራሱ አይናገርም

ቤት ያለውን ሞኒተር በኤችዲኤምአይ ኬብል ስትሰኩ ምንም ሳትነግሩት ይሠራል። ምክንያቱም ሞኒተሩ ኢዲአይዲ የሚባል የራሱ መታወቂያ አለው። መሠረታዊው ክፍል 128 ባይት ብቻ ነው፤ ማን እንደሠራው፣ በምን ሪዞሉሽንና በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ይዟል። ኮምፒውተሩ መታወቂያውን ያነብና እንደዚያው ይሠራል።

በኢምቤድድ ዕቃዎች ውስጥ የምናገኛቸው ብዙዎቹ ፓነሎች ግን እንዲህ ያለ መታወቂያ የላቸውም። በፓራለል አርጂቢ፣ በኤልቪዲኤስ ወይም በዲኤስአይ የሚገናኝ ፓነል የመጣለትን ሲግናል ይቀበላል፤ ሲግናሉ ትክክል ከሆነ ጥሩ ምስል ያሳያል፣ ስህተት ከሆነ መጥፎ ምስል ያሳያል ወይም ጨለማ ይሆናል። ስለዚህ መረጃው ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

በሊኑክስ ዓለም ያ ቦታ ዲቫይስ ትሪ ይባላል። ሐሳቡ የመጣው ኦፕን ፈርምዌር ከሚባለውና በ1994 እ.ኤ.አ. ደረጃ ሆኖ ከወጣው ሥርዓት ነው፤ ሰንና አፕል በኮምፒውተሮቻቸው ተጠቅመውበታል። የአርም ቦርዶች በብዛት የገቡበት በ2011 እ.ኤ.አ. ሊነስ ቶርቫልድስ በከርነሉ ውስጥ በተከማቸው የአርም ኮድ ዝብርቅርቅ በይፋ ካማረረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለእያንዳንዱ ቦርድ የተለየ ኮድ ይጻፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮዱ የጋራ ሆነ፤ የቦርዱ ልዩነት ደግሞ በተለየ የጽሑፍ ፋይል መገለጽ ጀመረ።

በዚያ ፋይል ውስጥ ስለ ፓነሉ የሚጻፈው ብዙ አይደለም። የፓነሉ ስም፣ ኃይል የሚያገኝበት መስመር፣ ባክላይቱ፣ የማብሪያና የሪሴት ፒኖቹ፣ ከዚያም የሲግናሉ መንገድ። የሲግናሉ መንገድ የሚጻፈው በሁለት ጫፍ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ጫፍ ወደ ፓነሉ ይጠቁማል፣ የፓነሉም ጫፍ ወደ ፕሮሰሰሩ ይጠቁማል። ልክ እንደ ውል ሁለቱም ወገን መፈረም አለበት። አንዱ ጫፍ ብቻ ከጠቆመ መግለጫውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው መሣሪያ ራሱ ያስጠነቅቃል።

መሣሪያው ማየት የማይችለው ግን አንድ ነገር አለ፤ መዳቡን። የፊደል ስህተት ይይዛል፣ የጎደለ መስመር ይይዛል። በቦርዱ ላይ ያለው ሽቦ በእርግጥ እንደተጻፈው መሄዱን ግን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው።

ጥቁሩና ነጩ ልክ ሆኖ መካከሉ ሲበላሽ

ለምን ይህን ያህል እንደማከርር በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ቁጥር አለበት፤ ግን በእጃችሁ ልታሰሉት ትችላላችሁ።

ኤልቪዲኤስ የሚባለው ግንኙነት ቀለማትን በጥንድ ሽቦዎች ይልካል። በእያንዳንዱ የክሎክ ምት አንድ ጥንድ 7 ቢት ያስተላልፋል። 4 የዳታ ጥንዶች ካሉ 28 ቢት ይሆናል፤ 24ቱ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ፣ 3ቱ ለመቆጣጠሪያ፣ አንዱ ትርፍ። እስካሁን ችግር የለም። ችግሩ ያለው የትኛው ቢት በየትኛው ጥንድ ይሂድ የሚለው ላይ ነው። ሁለት የተለመዱ አሰላለፎች አሉ፤ አንዱ ቬሳ፣ ሌላው ጄይዳ ይባላሉ። በቬሳ አራተኛው ጥንድ የእያንዳንዱን ቀለም ሁለት ትልልቅ ቢቶች ይይዛል። በጄይዳ ደግሞ ያው አራተኛ ጥንድ ሁለቱን ትንንሽ ቢቶች ይይዛል።

አሁን ቦርዱ በቬሳ ይልካል፣ ፓነሉ በጄይዳ ያነባል እንበል። ንጹሕ ጥቁር፣ ማለትም 0፣ ሲላክ ሁሉም ቢቶች ባዶ ስለሆኑ ፓነሉም 0 ያሳያል። ንጹሕ ነጭ፣ ማለትም 255፣ ሲላክ ሁሉም ቢቶች ሙሉ ስለሆኑ ፓነሉም 255 ያሳያል። ጥቁር ጽሑፍ በነጭ ላይ እንከን የለውም። ሜኑው ይነበባል፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ ቀይና አረንጓዴ ቁልፎችም በደማቅ ቀለም ከተሠሩ ልክ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ አይቶ «ጎበዝ፣ አለቀ» ይላል።

ነገር ግን መካከለኛውን ግራጫ እንየው። 127 ሲላክ ፓነሉ 253 ብሎ ያነበዋል፤ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቀጣዩ ግራጫ 128 ሲላክ ደግሞ 2 ብሎ ያነበዋል፤ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። ዓይን ሊለያቸው የማይችል ሁለት ጎረቤት ግራጫዎች አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ሆነው ይወጣሉ። ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ ብሎ መንጣት የነበረበት ምስል አራት ጊዜ ይነጣና አራት ጊዜ ይጀምራል።

ይህ ስክሪን የወረፋ ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ማንም ሳያውቀው ዕድሜውን ይጨርሳል። የአልትራሳውንድ ምስል የሚያሳይ ከሆነስ? እዚያ መልእክቱ ያለው በግራጫው ውስጥ ነው። በዲቫይስ ትሪው ላይ የሲግናሉ አሰላለፍ የሚጻፈው በአንዲት አጭር መስመር ነው። በዚያች መስመር ላይ ከፓነሉ ዳታሺት ጋር ሳያመሳክሩ «ሞክሬው ሠራ» ማለት እንግዲህ ይህን ያህል አደገኛ ነው።

ሌሎቹም ስህተቶች እንዲሁ የየራሳቸው መልክ አላቸው። በሁለት ቻናል ኤልቪዲኤስ ፒክስሎቹ ጎዶሎና ሙሉ ተብለው ይከፈላሉ፤ ሁለቱ ከተቀያየሩ ጎረቤት ዓምዶች ቦታ ይለዋወጡና የፊደሎቹ ጠርዝ ይሰነጣጠቃል። የክሎኩ ጫፍ፣ ማለትም ፓነሉ ዳታውን በምቱ መነሻ ያንብብ ወይስ በመውደቂያው የሚለው፣ ከተሳሳተ ደግሞ ምስሉ ላይ የሚያብለጨልጩ ነጥቦች ይታያሉ፤ አንዳንዴም የሚታዩት ዕቃው ሲሞቅ ብቻ ነው። በቢሮ ውስጥ ያለፈ ሙከራ በቆላ ሙቀት ሊወድቅ ይችላል።

ስህተትን በእውነት መግለጽ ይቻላል

አንዳንዶች «ሃርድዌሩ ራሱ ጠማማ ሲሆን ምን እናድርግ?» ይላሉ። መልሱ ጠማማነቱን መጻፍ ነው።

ብዙዎቻችሁ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣውን ቢግልቦን ብላክ ታውቁታላችሁ። በላዩ ያለው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤኤም335ኤክስ ፕሮሰሰር የታወቀ ጉድለት አለበት። የስክሪን መቆጣጠሪያው በ16 ቢትና በ24 ቢት ሲሠራ ቀይና ሰማያዊ የሚወጡባቸው ፒኖች ይቀያየራሉ። ስለዚህ ቦርድ የሚነድፈው ሰው መምረጥ አለበት፤ ሽቦዎቹን ቀጥ አድርጎ ቢያገናኝ 16 ቢቱ ልክ ይሆናል፣ አቋርጦ ቢያገናኝ 24 ቢቱ ልክ ይሆናል። ሁለቱም ሕጋዊ ምርጫዎች ናቸው።

የከርነሉ ሰዎች ምን አደረጉ? ጉድለቱን አልሸሸጉም። የቀይና የሰማያዊ ሽቦ «ቀጥ» ነው ወይስ «ተሻጋሪ» የሚል አንድ መስመር በመግለጫው ላይ ጨመሩ። ቦርዱ በእርግጥ የተሠራበትን መንገድ ትጽፋላችሁ፤ ድራይቨሩ ደግሞ ለፕሮግራሞቹ ትክክለኛውን የቀለም ቅደም ተከተል ብቻ ያቀርባል። በአንድ እውነተኛ ቃል የቺፑ ስህተት ጉዳት ማድረሱን አቆመ።

አሁን ሌላውን መንገድ አስቡ። አንድ ፕሮግራመር ፊት ሰማያዊ ሆኖ ሲያይ ወደ ሽቦው ሳይመለስ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ ቀይንና ሰማያዊን ይገለብጣል። የእሱ ፕሮግራም አማረ። ሲነሳ የሚታየው የድርጅቱ አርማ ግን በተገለበጠ ቀለም ይወጣል፤ እሱንም ሌላ ሰው በሌላ ቦታ ይገለብጠዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ከርነሉን የሚያድሰው ልጅ መግለጫውን ሲያስተካክል ሁሉም በአንድ ቀን ይገለበጣል፤ ጥፋተኛ የሚባለውም እሱ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት አባቶች ስለ ከርነል ባያውቁም ነገሩን አውቀውታል።

ሦስቱ የተለመዱ ውሸቶች

አንደኛው የሰው ስም መዋስ ነው። የእኛ ፓነል በከርነሉ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ግን መጠኑ የሚመሳሰል የሌላ ኩባንያ ፓነል አለ። ስሙን እንጽፋለን፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ተፈጸመ። ይህ ምን እንደሚያስከትል ከአንድ ወዳጄ አውቃለሁ። በሚሠራበት ፋብሪካ የአንድ ማሸጊያ ማሽን ስክሪን ተሰበረ። ማሽኑን የሸጠው ድርጅት «ሙሉ መቆጣጠሪያውን ግዙ» ከማለት በቀር የፓነሉን ዓይነት ሊነግራቸው አልፈለገም። ወዳጄ ማሽኑ ሊኑክስ መሆኑን አይቶ ከሚሠራው ሲስተም ውስጥ ዲቫይስ ትሪውን አነበበ፤ የፓነሉን ስም አገኘና በዚያ ስም ከውጭ አስመጣ። ዕቃው ሲደርስ ማገናኛው እንኳ አይገጥምም። የተጻፈው ስም የተዋሰ ነበር። ዶላሩም፣ የጠበቀባቸው ሳምንታትም ውሃ በላቸው።

ሁለተኛው የኃይል መስመርን «ሁልጊዜ ይብራ» ብሎ ማሰር ነው። መግለጫው የፓነሉን ኃይል ከፓነሉ ጋር ካያያዘ ሶፍትዌሩ በቅደም ተከተል ያበራል፤ መጀመሪያ ኃይል፣ ከዚያ ሲግናል፣ ሲግናሉ ከተረጋጋ በኋላ ባክላይት። ሲያጠፋ በተቃራኒው። ቅደም ተከተሉ ጌጥ አይደለም፤ ዳታሺቶች በሚሊሰከንድ ለክተው የሚያስቀምጡት ፓነሉ ያለ ሲግናል ኃይል ተሸክሞ መቆየቱ ሊጎዳው ስለሚችል ነው። ኃይሉን ሁልጊዜ ክፍት ማድረግ ችግሩን ዛሬ ያስወግዳል፤ በምትኩ የባትሪውንና የፓነሉን ዕድሜ ይበላል።

ሦስተኛው ቁጥር መገመት ነው። 1024 በ600 የሆነ ፓነል በሰከንድ 60 ጊዜ ቢታደስ ክሎኩ ስንት ነው? ጀማሪ ሦስቱን ያባዛና ወደ 36.9 ሜጋኸርትዝ ያገኛል። ነገር ግን በእያንዳንዱ መስመርና በእያንዳንዱ ምስል መካከል የማይታይ የዕረፍት ጊዜ አለ። በብዙ እንዲህ ዓይነት ፓነሎች ከዕረፍቱ ጋር ሙሉው ስፋት 1344፣ ሙሉው ቁመት 635 ነው፤ ሲባዛ 51.2 ሜጋኸርትዝ ይሆናል። ሰዎች በመሃል ያለውን ቁጥር እየሞከሩ ምስሉ ሲቆም ያቆማሉ። የቆመው ምስል ፓነሉ በሚፈቅደው ጠርዝ ላይ ይሁን በመሃሉ ግን አያውቁም።

«ጊዜ የለንም» ለሚሉት

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ፤ ከባዶም የመጣ አይደለም። ደንበኛው ነገ ይመጣል። የቻይናው ፓነል ዳታሺት ሁለት ገጽ ነው፤ አንዱም ገጽ የሜካኒካል ሥዕል ነው። ለከርነሉ የሚላክ ሥራ ላይ ገምጋሚዎቹ ለአንዲት ቃል ሳምንት ይከራከራሉ። የፓነሉ የጊዜ ቁጥሮች ከነስሙ በድራይቨሩ ውስጥ ይቀመጡ ወይስ በዲቫይስ ትሪው ይጻፉ በሚለው ላይ ራሳቸው የከርነል ሰዎች ለዓመታት ተከራክረዋል። «እነሱ ያልተስማሙበትን እኔ ምን ላድርግ?» የሚል ሰው አልፈርድበትም።

የኔ መለያ ግን ቀላል ነው። ፓነሉ የትም ቢሄድ አብሮት የሚሄድ ነገር የፓነሉ ነው፤ በስሙ ይታወቅ። ቦርዱ ሲቀየር የሚቀየር ነገር የቦርዱ ነው፤ በቦርዱ መግለጫ ይጻፍ። ፓነሉ 24 ቢት መቀበል መቻሉ የፓነሉ ጠባይ ነው። የእኛ ቦርድ ፒን አጥሮት 18ቱን ብቻ ማገናኘቱ ግን የቦርዱ ታሪክ ነው። ራስበሪ ፓይ ላይ በፓራለል ስክሪን ያገናኛችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ 24 ቢት ሙሉውን ከፈለጋችሁ 28 ፒኖች ይሄዳሉ፤ ለሌላ ነገር ፒን ለማስቀረት ቀለሙን ወደ 18 መቀነስ የተለመደ ነው። ቅነሳውን ፓነሉ አልመረጠም፤ እናንተ መረጣችሁ። ስለዚህ እናንተ ጻፉት።

ጊዜን በተመለከተ ደግሞ፣ እውነተኛው መስመርና ውሸተኛው መስመር ርዝመታቸው እኩል ነው። ልዩነቱ ሽቦውን ከሥዕሉ ጋር ለማመሳከር የሚወስደው አንድ ከሰዓት ነው። ዲቫይስ ትሪ ደግሞ ዛሬ ተጽፎ ነገ የሚጣል አይደለም፤ የከርነሉ መርሕ አሮጌ መግለጫ በአዲስ ከርነል ላይም እንዲሠራ ነው። ስለዚህ የምትጽፉት ውሸት ዕቃው እስካለ ድረስ ይኖራል።

ከቴሌቪዥን ጠጋኞች እንማር

በዚህ ጉዳይ ላይ ከብዙ ተመራቂ ይልቅ የገባቸው ሰዎች በመርካቶና በየሰፈሩ ያሉ የፍላት ስክሪን ጠጋኞች ናቸው ብል አትቆጡ። የቴሌቪዥን ዋና ቦርድ ሲቃጠልና ኦሪጅናሉ ሲጠፋ ዩኒቨርሳል ቦርድ ይገጥማሉ። ያ ቦርድ ከማንኛውም ፓነል ጋር ለመሥራት የተሠራ ነው፤ ስለ ፓነሉ ግን ምንም አያውቅም። ስለዚህ ጠጋኙ የፓነሉን ጀርባ አገላብጦ ከላዩ የተለጠፈውን ቁጥር ያነባል። በጃምፐሩ የፓነሉን ቮልቴጅ ይመርጣል፤ 3.3፣ 5 ወይም 12። ሪዞሉሽኑን፣ አንድ ቻናል ወይም ሁለት ቻናል መሆኑን፣ 6 ቢት ወይም 8 ቢት መሆኑን አይቶ የሚስማማውን ሶፍትዌር ይጭናል። ቀለሙ ከተበላሸ የኤልቪዲኤስ አሰላለፉን ይቀይራል።

ተመልከቱ፤ ይህ ሰው በዲቫይስ ትሪ ላይ የሚጻፈውን እያንዳንዱን ጥያቄ በእጁ እየመለሰ ነው። ደግሞም አይዋሽም፤ ባለ 5 ቮልቱን ፓነል 12 ላይ ካደረገው በዚያው ቅጽበት ያቃጥለዋል፣ ከኪሱም ይከፍላል። እኛ ኢንጂነሮች የምንዋሸው ቅጣቱ በእኛ ላይ ስለማይመጣ ይሆን?

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ቦርድ ለምትነድፉ፦ ሥራው «አለቀ» የሚባለው ከጥቁርና ነጭ ሜኑ በኋላ ሳይሆን ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄድ የግራጫ ደረጃ፣ ሦስቱ ቀለማት ለየብቻቸው፣ እንዲሁም የአንድ ፒክስል ቀጭን መስመሮች በስክሪኑ ላይ ከታዩ በኋላ ይሁን። የአምስት ደቂቃ ፈተና ነው፤ ከላይ የጠቀስኳቸውን የአሰላለፍና የቀለም ስህተቶች ያወጣቸዋል። ፓነሉ በዝርዝር ውስጥ ከሌለ ደግሞ የራሱን ስም ጻፉለት፤ የሌላውን አትዋሱ።

ለምታስተምሩ፦ ተማሪው ስክሪኑን ስላበራ ብቻ ሙሉ ማርክ አትስጡት። «ይህ መስመር ለምን እንዲህ ሆነ? በሥዕሉ ላይ አሳየኝ» በሉት። ማሳየት ካልቻለ አግኝቶት ነው እንጂ አውቆት አይደለም።

ዕቃ ለምትገዙ፣ በተለይ የሆስፒታልና የፋብሪካ ማሽን በጨረታ ለምትገዙ፦ በመስፈርታችሁ ላይ የፓነሉ ትክክለኛ ሞዴል፣ የማገናኛው የፒን ዝርዝርና የቦርዱ መግለጫ አብሮ እንዲመጣ ጠይቁ። ዕቃው በሊኑክስ የሚሠራ ከሆነ የከርነሉ ፈቃድ ኮዱን የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፤ የዲቫይስ ትሪው ፋይልም ከከርነሉ ኮድ ጋር አብሮ የሚኖር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከተከፈለ በኋላ ስልክ የሚያነሳ አይገኝም።

አገራችን ስክሪን አታመርትም። የምንገዛው እያንዳንዱ ማሽን አንድ ቀን ስክሪኑ ይሰበራል፣ ያ ፓነልም ያን ጊዜ ከገበያ ወጥቶ ይሆናል። ያኔ ማሽኑ ይድናል ወይስ ይጣላል የሚለውን የሚወስነው አንድ ሰው ከዓመታት በፊት በጥቂት መስመሮች ውስጥ የጻፈው ነገር እውነት መሆኑ ነው።

በእናንተ መሥሪያ ቤት ወይም ሱቅ በተሳሳተ መግለጫ ምክንያት የተጣለ ዕቃ ካለ በኮሜንት ጻፉልኝ። የማትስማሙም ካላችሁ በግልጽ ሞግቱኝ፤ በተለይ የጊዜ ቁጥሮቹ የት ይቀመጡ በሚለው ላይ የሌላውን ወገን ሐሳብ ለመስማት ዝግጁ ነኝ። ቦርድ ለሚሠራ ወይም ማሽን ለሚገዛ ወዳጃችሁም አጋሩት።